ለገና ወደ ወረታ፦ የረጅም መንገድ ዕቅድና የመንገድ ወሬ

እንደሚታወቀው ገና በሀገራችን የአንድ ቀን በዓል ነው። ፋሲካ ስቅለትንና ቅዳሜን ይዞ ስለሚመጣ መንገደኛውን ትንሽ ያስተነፍሰዋል። ገና ግን አንድ ቀን ተዘግቶ በማግስቱ ሥራውም ትምህርቱም ይቀጥላል። ታዲያ አዲስ አበባ ወይም ሐዋሳ የሚኖር የፎገራ ልጅ በዚህች አንድ ቀን እንዴት ወረታ ደርሶ ይመለሳል? ኅዳር ጽዮን ካለፈች ጀምሮ በየዶርሙና በየኪራይ ቤቱ የሚነሣው ወሬ ይኸው ነው፤ «ዘንድሮ ትገባለህ?»

በዚህ ጽሑፍ ሁለት ነገር ለማየት እሞክራለሁ። አንደኛው ለገና ወደ ወረታና አካባቢዋ የሚደረገው የየብስ ጉዞ እንዴት መታቀድ እንዳለበት ነው። ሁለተኛው እኛን የጋዜጠኝነት ተማሪዎችን የሚመለከት ነው፤ መንገደኛው ልሂድ ወይስ ልቅር ብሎ የሚወስነው በምን መረጃ ነው? እውነቱን ለመናገር እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሁለተኛው ነው።

ቀኑን ከመጨረሻው መቁጠር

ገና ታኅሣሥ 29 ነው እንላለን፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው ዘመነ ዮሐንስ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ይውላል። በ2016 እንደዚያ ነበር፤ የ2020ውም እንደዚያው ነው። የአንድ ቀን ልዩነት ምን ያመጣል የሚል ካለ፣ ዕረፍቱ ራሱ አንድ ቀን መሆኑን ያስታውስ።

ቀጥሎ መታወቅ ያለበት ለእናቶቻችን ገና የሚጀምረው በዋዜማው ማታ መሆኑ ነው። ቅዳሴው የሌሊት ነው፤ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ የተጾመው ጾም የሚፈታው ከቅዳሴ መልስ ነው። ስለዚህ «በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ እደርሳለሁ» የሚል ልጅ በእነሱ ሂሳብ ገናን ቤቱ አልዋለም፤ የተረፈ ወጥ ሊበላ የመጣ እንግዳ ነው። ማሰብ ያለብን እንግዲህ ከዋዜማው ማታ ተነሥተን ወደ ኋላ ነው።

የ2018ቱን እንውሰድ። ታኅሣሥ 29 ረቡዕ ነው፤ ማክሰኞ ከመምሸቱ በፊት ቤት መገባት አለበት። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ባሕር ዳር 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከባሕር ዳር ወረታ ደግሞ 60 ገደማ። አውቶቡሱ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሣ እንበል። ቁርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ፍተሻ አለ። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን መውጣት አለ፤ ከፊት የጫነ ተሳቢ ካለማ የሚያድነው የለም። ይህ ሁሉ ሲደመር ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ባሕር ዳር የደረሰ ዕድለኛ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ነው። በቀሪዋ ሁለት ሰዓት መናኸሪያ ገብቶ፣ በበዓል ግርግር ሚኒባስ አግኝቶ፣ ሞልቶ፣ ሳይመሽ ወረታ መግባት በወረቀት ላይ ይቻላል። እኔ ግን አልመክርም። የሚያዋጣው ሰኞ ተነሥቶ ባሕር ዳር ማደርና ማክሰኞ ጠዋት ተረጋግቶ መግባት ነው። መመለሻው ደግሞ ሐሙስና ዓርብ። የአንድ ቀኑ በዓል ከሰኞ እስከ ዓርብ በላ ማለት ነው። ይህንን ለመምህር ወይም ለአለቃ አስቀድሞ መንገር ይሻላል፤ ከበዓል በኋላ የሚመጣ የሕመም ፈቃድን ማንም አያምንም።

ለባላገር ቤተሰብ ሂሳቡ ሌላ ነው

ከላይ ያለው ስሌት ልጁን ለበዓል ብቻ ለሚጠብቅ ቤት ነው። በፎገራ ሜዳ ግን ገና የሚመጣው በአዝመራ መሐል ነው። ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የሚያጥለቀልቁት ሜዳ በኅዳርና በታኅሣሥ ሩዙ ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ ይወቃል። ሩዝ ወደ አካባቢው የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ የሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በሻጋና በጅግና የኅብረት ሥራ ማኅበራት አስጀመሩት ይባላል፤ በገበሬው እጅ የሚገኘው ነባሩ ዝርያም «ኤክስ ጅግና» ተብሎ እስከ ዛሬ ይጠራል። ዛሬ ሩዙ እንጀራም ነው፣ ጠላም ነው፣ የልጅ ትምህርት ቤት ወጪም ነው። በወረታ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን የሩዝ መፈልፈያ ቤቶች ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ስለዚህ «ለገና ና» የሚለው የአባት ጥሪ ውስጡ ሌላ አለው፤ «ውቂያ አለብን» ማለት ነው። ውሃው ሸሽቶ እርጥበቱ ባልደረቀው ማሳ ላይ የተዘራው ጓያና ሽምብራም ጠባቂ ይፈልጋል። ከብቱ ወደ ቃርሚያ ሲለቀቅ እረኛ ያስፈልጋል። በዋዜማው ማታ ደርሶ በማግስቱ የሚመለስ ልጅ እናቱን ያስደስት ይሆናል፤ አባቱን ግን አላገዘም። የሚችል ሰው ጉዞውን ወደ ታኅሣሥ አጋማሽ ቢያቀርበው ሁለት ነገር ያተርፋል። መንገዱ አይጨናነቅም፤ አውድማውም ላይ ይደርሳል። የማይችለው ደግሞ ከገና እስከ ጥምቀት ባሉት ቀናት ቢያስብበት ጥሩ ነው። ከውጭ ሀገር የሚመጡት ብዙዎቹ የሚያደርጉት ይህንን ነው፤ ገናን ከቤተሰብ፣ ጥምቀትን ጎንደር። ከወረታ ጎንደር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለቱን ማገናኘት አይከብድም።

ወረታ መገንጠያ ናት

ስለ ወረታ ስናወራ የምንረሳው ነገር ከተማዋ ለብዙ ሰው መድረሻ ሳትሆን መታጠፊያ መሆኗ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው አስፋልት እዚያ ላይ ወደ ምሥራቅ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በደርግ ጊዜ ቻይናውያን የሠሩት፣ ሰዉ ዛሬም «የቻይና መንገድ» የሚለው፣ በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወልድያ የሚገባው መንገድ ነው። ጋሸና ላይ ወደ ሰሜን ሲታጠፍ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ይቀራል። የላሊበላ ገና ደግሞ የትም እንደሌለ የታወቀ ነው፤ በዓሉ ከንጉሡ ልደት ጋር ይከበራል፤ ካህናቱ በቤተ ማርያም «ቤዛ ኩሉ»ን ያዜማሉ። ከጎንደርና ከጎጃም የሚሄደው ምእመን የሚታጠፈው ወረታ ላይ ነው።

ይህ ለእኛ ምን ማለት ነው? መኪና ይጠፋል ማለት ነው። በሌላው ጊዜ ከወረታ ደብረ ታቦር ሲመላለስ የሚውለው ሚኒባስና ቅጥቅጥ በታኅሣሥ መጨረሻ ሳምንት ነጠላ ለለበሰው ረጅም መንገደኛ ኮንትራት ይገባል። አርባ ኪሎ ሜትር ለመሄድ የወጣው ሰው ግማሽ ቀን ቆሞ ሲውል አይቻለሁ። ደብረ ታቦርና ጋይንት የምትገቡ ልጆች፣ ከወረታ በኋላ ያለውን መንገድ «እዚያው ነው፣ ይገኛል» ብላችሁ አትተዉት። ሌሊቱ ደግሞ የጉና ሌሊት ነው። በታኅሣሥ የፎገራ ሜዳ ልብስ አስወልቆ ሳለ ጋይንት ላይ ውርጭ ይጥላል፤ ጋቢ በሻንጣ ታስሮ ጣራ ላይ ከተጫነ አልተያዘም።

ከባሕር ዳር እስከ ወረታ ያለው መንገድ አጭርና ሜዳ ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። እኔ ግን ከዓባይ በረሃ ይልቅ እሱን እፈራለሁ። በረሃው ላይ ሹፌሩ ራሱ ይፈራልና ይጠነቀቃል። ከሐሙሲት ወዲያ ጉማራን ከተሻገረ በኋላ ግን መንገዱ ቀጥ ይላል፤ እግሩም ይከብዳል። በዚያው ሰዓት ከቃርሚያ የሚመለስ ከብት፣ ጭድ የቆለለ አይሱዙ፣ ነዶ የጫነ አህያ፣ መብራት የሌለው ባጃጅ፣ ሁሉም አስፋልት ላይ ነው። ከ11 ሰዓት በኋላ በዚህ መንገድ መጓዝን ዕቅድ ውስጥ አታስገቡ የምለው ለዚህ ነው።

«መንገዱ ሰላም ነው?»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስካሁን ያልኩት ሁሉ መንገዱ ክፍት ከሆነ ነው። ይህ «ከሆነ» ደግሞ ላለፉት ዓመታት ቀላል ቃል አልነበረም።

በ2014 ገና የወረታና የወልድያ መንገድ የጦርነት መስመር ከመሆን ገና መውጣቱ ነበር። ላሊበላ ከሐምሌ 2013 መጨረሻ ጀምራ እጅ ስትቀያየር ከርማ የተረጋጋችው በዓሉ ሳምንታት ሲቀሩት ነው። በዚያው ገና መንግሥት በውጭ የሚኖሩ አንድ ሚሊዮን ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወደ ሀገር ቤት እንዲገቡ ጥሪ አድርጎ ነበር። ቦሌ የደረሰው እንግዳ ደማቅ አቀባበል ተደርጎለታል። ከቦሌ በኋላ እናቱ ያለችበት ቀበሌ ድረስ እንዴት እንደሚደርስ ግን እያንዳንዱ በየራሱ ስልክ ነበር የሚጠይቀው።

በሐምሌ 2015 መጨረሻ በክልላችን ግጭቱ ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ መንገዶች በተደጋጋሚ ተዘግተው ተከፍተዋል። የሞባይል ኢንተርኔትም ለብዙ ወራት ተቋርጦ ስለነበር የ2016 ገና መንገደኛ የነበረው መረጃ በድምፅ ስልክ የሚሰማው ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ መጨረሻ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ የነበሩ ተማሪዎች የተሳፈሩባቸው አውቶቡሶች ገርበ ጉራቻ አካባቢ ተይዘው ከመቶ በላይ ሰዎች መታገታቸው ተዘገበ። ስንቱ ተለቀቀ በሚለው ላይ መንግሥት የተናገረውና ቤተሰቦች የተናገሩት አልገጠመም። እኛ በክፍል ውስጥ «ምንጭን ማመሳከር» እያልን የምንማረው ነገር እዚህ ላይ የፈተና ጥያቄ አይደለም፤ ልጁ ቤቱ ገብቷል ወይስ አልገባም የሚለው ነው።

መንገደኛው መረጃውን የሚያገኘው በአብዛኛው ከሦስት ሰዎች ነው፤ ከመናኸሪያ ደላላ፣ ከቤተሰብ፣ ከሹፌር። ሦስቱም የየራሳቸው ጉዳይ አላቸው። ደላላው ወንበር መሙላት ስላለበት ለእሱ መንገዱ ሁልጊዜ ሰላም ነው። እናት ደግሞ በተቃራኒው አንዱን አሥር ታደርገዋለች። እኛ ቤት ስልኩ ሲደወል እማየ ቀድማ ታነሣና «ልጀ፣ ዘንድሮስ ይቅርብህ፤ ገና በየዓመቱ ይመጣል» ትላለች። ቀጥሎ አባየ ይቀበላትና «ምንም የለም፣ ና፣ ሩዙ ሜዳ ላይ ነው» ይላል። ሁለቱም ያሉት ከአንድ ቤት ነው፤ የሰሙትም አንድ ወሬ ነው። ታዲያ የትኛውን ትይዛለህ?

እኔ የምከተለው ዘዴ እንዲህ ነው። «መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ መጠየቅን ትቻለሁ፤ ይህ ጥያቄ አስተያየት እንጂ መረጃ አያመጣም። የምጠይቀው «ዛሬ ከዚያ የመጣ መኪና አይተሃል? ስንት ሰዓት ገባ? የቱ ጋ አቆሙት?» ብዬ ነው። ሊሄድ ካለው ሹፌር ይልቅ አሁን የገባውን መጠየቅ ይሻላል፤ ጎማው አቧራ የያዘ ሰው የሚዋሽበት ምክንያት ትንሽ ነው። ከሁለቱም ጫፍ፣ ለምሳሌ ከባሕር ዳርም ከወረታም፣ አንዳንድ ሰው መጠየቅ ይገባል፤ ሁለቱ የማይተዋወቁ ቢሆኑ ይመረጣል። «ተዘግቷል» ከተባለም ማን ዘጋው፣ ከመቼ ጀምሮ፣ እግረኛ ያልፋል ወይ፣ ሕመምተኛ የጫነ አልፏል ወይ ብሎ መቀጠል ነው። መልሱን ከሰማሁበት ሰዓት ጋር እጽፋለሁ። የትናንት ማታ መልስ ለዛሬ ጠዋት አያገለግልም፤ በዚህ ነገር የስድስት ሰዓት ዕድሜ ያለው ወሬ አሮጌ ነው። መልሶቹ ካልተገናኙ አልነሣም። ገንዘቡ ያለው ሰው እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ይሄድ ይሆናል፤ የመጨረሻዋ 60 ኪሎ ሜትር ግን ለእሱም እንደኛው ናት።

የበዓል ዜናችን

የበዓል ሰሞን ዜናችንን ልብ ብላችሁ ከተከታተላችሁ የዶሮ ዋጋ፣ የበግ ዋጋ፣ የሽንኩርት ዋጋ፣ ከዚያ የእንኳን አደረሳችሁ መልእክት ነው። የገበያው ዘገባ አይጠቅምም አላልኩም። ነገር ግን ዶሮ ከተወደደ ሰው ይተዋል፤ መንገድ ላይ ለወጣ ሰው መተው የሚባል ነገር የለም። ቻይናውያን ለአዲስ ዓመታቸው ወደየቤተሰባቸው የሚጎርፉበትን ሰሞን «ቹንዩን» ብለው ስም አውጥተውለት አርባ ቀን ሙሉ ይዘግቡታል፤ የባቡሩ፣ የአየሩ፣ የመንገዱ ሁኔታ ራሱ ዋና ዜና ነው። እኛ ጋ የመንገዱ ነገር የሚሰማው አደጋ ከደረሰ በኋላ በሟች ቁጥር ነው።

የመንገድ ዘገባ ደግሞ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ከበዓሉ አሥር ቀን በፊት መናኸሪያ ሄዶ ሕጋዊ ታሪፉ ስንት እንደሆነና ተሳፋሪው ስንት እንደከፈለ ማወዳደር አንድ ዜና ነው። ትርፍ የጫነውን መኪና ማን እንደፈተሸው መጠየቅ ሌላ ዜና ነው። ወረታ መገንጠያው ላይ ለአንድ ቀን ቆሞ ከየት ስንት መኪና እንደገባ መቁጠር ደግሞ ለክፍል ሥራ ሊሰጠን የሚገባ ነገር ይመስለኛል። እርግጥ አንድ ጥንቃቄ አለ፤ መንገዱ ክፍት ነው ብሎ መዘገብ ሰው እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነው። ስለዚህ «ክፍት ነው» ከማለት «ዛሬ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ከጎንደር የተነሡ ሁለት አውቶቡሶች ወረታ ገብተዋል» ማለት ይሻላል። ያየነውን ከነሰዓቱ ስንነግረው ውሳኔው የመንገደኛው ይሆናል።

የመልሱን ጉዞ በሚመለከት የምለው ትንሽ ነው። ታኅሣሥ 30 ሁሉም ሰው የሚመለስበት ቀን ስለሆነ የመመለሻ ወንበር ሲገቡ ተይዞ ቢቆይ ጥሩ ነው። ከወረታ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም፤ ሩዝም ሽሮም በርበሬም ይታሰርልሃል። የጆንያውን ጭነት ዋጋ ጣራ ላይ ከመውጣቱ በፊት ከረዳቱ ጋር ተነጋገሩ፤ አንዴ ከተጫነ በኋላ ዋጋውን የሚቆርጠው እሱ ነው። ስማችሁንም በወፍራም እስክሪብቶ በሁለቱም በኩል ጻፉበት፤ በገና ማግስት ከባሕር ዳር መናኸሪያ ጣራ ላይ የሚወርደው ጆንያ ሁሉ ነጭ ነው።