ተራራ በመኪና፦ ቱሉ ዲምቱ ላይ የተማርኩት



የጋዜጣችን አዘጋጆች «አገር ቤት ገብተሽ ያየሽውን ለትምህርት እንዲሆን ጻፊልን» ሲሉኝ ምን እንደምጽፍ ብዙ አላሰብኩም። ስለ ሠርግና ስለ ለቅሶ ብጽፍ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ስለ አንድ ተራራ ልጽፍ ነው። በመጪው ዕረፍት «ለቤተሰብ ስልክ ብቻ፣ ለቤተሰብ ልብስ ብቻ ተብሎ እስከ መቼ፣ እኔም አገሬን ልይ እንጂ» የምትሉ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ደግ አስባችኋል። ግን ከመሄዳችሁ በፊት ይህችን ገጽ አንብቧት፤ እኔ ሳላነብ ሄጄ ልሞት ነበር ማለት ባይሆንም፣ ወደዚያ የሚወስደውን መንገድ ጀምሬው ነበር።

ተራራው ቱሉ ዲምቱ ይባላል። በኦሮምኛ «ቀይ ተራራ» ማለት ነው። ባሌ ውስጥ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነው ያለው፤ ይህ ፓርክ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከፍታው ከባሕር ጠለል በላይ 4,377 ሜትር ነው። ብዙ ሰው «ከራስ ደጀን ቀጥሎ ሁለተኛው ነው» ይላል፤ ልክ አይደለም፤ ሰሜን ተራሮች ላይ እንደ ቧሂት ያሉ የሚበልጡት አሉ። የቱሉ ዲምቱ ልዩነቱ ሌላ ነው። ራስ ደጀን ጫፍ ላይ ለመቆም ብዙ ጊዜ በእግርና በበቅሎ ቀናት መጓዝ ያስፈልጋል። ቱሉ ዲምቱን ግን መኪና ጫፉ ድረስ ያወጣችኋል። ከጎባ ተነስቶ የሳነቲን አምባ አቋርጦ በሐረና ጫካ በኩል ወደ ዶሎ መና የሚወርድ የጠጠር መንገድ አለ፤ ከዚያ ላይ ትንሽ ቅያስ ይገነጠልና የቴሌ ማማ ወዳለበት ጫፍ ይወስዳል። ጠዋት ቁርሳችሁን ጎባ በልታችሁ ምሳ ሳይደርስ ደመና ከእግራችሁ በታች ታያላችሁ። ችግሩም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

እኔ የተወለድኩት ደብረ ብርሃን ነው። ብርድና ከፍታ የማውቀው ከእናቴ ጀርባ ላይ ሆኜ ነው። ስለዚህ ታናሽ ወንድሜ (ሮቤ ያስተምራል) «እትዬ፣ ትንሽ አረፍ ብለሽ ብንወጣ አይሻልም?» ሲለኝ ሳቅሁበት። «የደብረ ብርሃንን ልጅ ተራራ ልታስፈራራ ነው?» አልኩት። የረሳሁት ነገር ቢኖር ሰባት ዓመት ሙሉ የኖርኩት ባሕር ዳር መሆኑን ነው። ዱባይ ብትሉ፣ ጅዳ ብትሉ፣ ኩዌት፣ ዶሐ፣ ቤይሩት፣ ሁሉም ውኃው ጥግ ናቸው። ማክሰኞ ማታ አዲስ አበባ ገባሁ፣ ረቡዕ ሮቤ ደረስኩ፣ ሐሙስ ጠዋት ላንድክሩዘር ተከራይተን ወጣን። ሌሊቱንም እዚያው ላይ በድንኳን ልናድር ነበር የተስማማነው።

የመንገዱን ነገር ሳልናገር ባልፍ ኃጢአት ይሆንብኛል። ከጎባ ስትወጡ መጀመሪያ የጥድና የኮሶ ዛፍ ነው፤ ኮሶው ሽማግሌ ነው፣ ጢሙን ዘርግቶ የቆመ ይመስላል። ቀጥሎ አስታ ብቻ። ከዚያ ዛፉ በድንገት ያልቅና ሰማይና ሜዳ ይቀራል። ሳነቲ ማለት ያ ሜዳ ነው፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የተዘረጋ፣ ትንንሽ ሐይቆች የተበተኑበት። እዚህም እዚያም ጅብራ እንደ ዘበኛ ቆሟል። ፍልፈሉ ከጉድጓዱ አንገቱን ብቅ አድርጎ ይመለሳል፤ ቀይ ቀበሮዋ ደግሞ እሱን ስትጠብቅ ትውላለች። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለችው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ሲሆን ጎልማሶቹ 500 ገደማ ናቸው ይባላል፤ ከግማሽ የሚበልጡት ባሌ ናቸው። እኔ ሁለት አየሁ። አንዷ መንገዱን ስታቋርጥ ዞር ብላ እንኳ አላየችንም።

ወንድሜ የገዛው የድንች ጥብስ ከረጢት ኋላ ወንበር ላይ እንደ ፊኛ ተነፍቶ ነበር። ሊፈነዳ ደረሰ። ተሳሳቅን። ያ ከረጢት እየነገረን ነበር፣ እኛ አልሰማንም።

ጫፉ ላይ ደረስን። በደቡብ በኩል ሐረና ደመና ለብሶ ተኝቷል። ጴጥሮስ በተራራው ላይ ዳስ ልሥራ ያለው ለምን እንደሆነ ገባኝ፤ እኔም መውረድ አላሰኘኝም። ከጫፉ ወርደን ሜዳው ላይ ሐይቅ ለሐይቅ በእግር ስንዞር ዋልን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ራሴን ያመኝ ጀመር። ፀሐይ ነው አልኩ። አሥር ሰዓት ላይ የበላሁትን አስመለሰኝ። መንገድ ነው አልኩ። ወንድሜ የራስ ምታት ክኒን ሰጠኝና ድንኳኑን መትከል ጀመረ፤ «ትንሽ ትተኛና ይለቃታል» አለ። እኔም ከእንቅልፍ ሌላ የምመኘው አልነበረም።

ሾፌራችን ጸጉራቸው የሸበተ የጎባ ሰው ናቸው። እስከዚያ ድረስ ብዙ አልተናገሩም። መጥተው አዩኝና መሬቱ ላይ ያለውን የመኪናውን ጎማ ዱካ አሳዩኝ። «የኔ ልጅ፣ እስቲ በዚህች መስመር ላይ ተረከዝሽን ከጣትሽ ፊት እያስነካሽ ቀጥ ብለሽ ሂጂ» አሉኝ። ቀልድ መሰለኝ። ሦስት እርምጃ ሄጄ ወደ ግራ ተንገዳገድኩ። ደግሜ ሞከርኩ፣ አሁንም ወደ ግራ። መጠጥ የማልቀምስ ሴት ሰካራም ሆንኩ።

«ድንኳኑን ንቀል» አሉት ወንድሜን።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብታርፍስ? ነገ ጠዋት...»

«እዚህ ከተኛች ነገ ጠዋትን አታስብ። ተራራ ያሳመመውን ቁልቁለት ነው የሚያድነው። ንቀል ብዬሃለሁ!»

ወረድን። ጎባ 2,700 ሜትር ገደማ ናት። አስታውን አልፈን ጥዱ ውስጥ ስንገባ ራስ ምታቱ ገርጠም ገርጠም ማለቱን ተወ። ጎባ ስንደርስ ሻይ ጠየቅሁ። እኒያ ሰው ሐኪም አይደሉም፤ ከቱሪስት ጋር ሲመላለሱ የተማሩት ነው። የመስመሯ ሙከራ ግን ሐኪሞችም የሚጠቀሙባት መሆኗን በኋላ አንብቤ አረጋገጥኩ።

እንግዲህ ወደ ትምህርቱ ልግባ። ከፍታ ላይ ኦክስጅን «ያልቃል» ሲባል ትሰማላችሁ። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ ታችም ላይም ያው ነው፣ ከመቶ 21 ገደማ። የሚለወጠው የአየሩ እፍጋት ነው። የማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ አሥር ብርድ ልብስ ደራርባችሁ ታውቃላችሁ? የታችኛው በላዩ ባለው ክብደት ተጨምቆ ይሳሳል፤ የላይኛው ተነፍቶ ይቀመጣል። አየርም እንዲሁ ነው። እኛ እዚህ ባሕር ዳር የታችኛው ብርድ ልብስ ውስጥ ነን፤ በአንድ ትንፋሽ ብዙ አየር ይገባልናል። አዲስ አበባ ላይ ያው ትንፋሽ ሩብ ያህል ይጎድላል። ቱሉ ዲምቱ ላይ እዚህ 100 የነበረው 60 ገደማ ይሆናል። የድንች ጥብሱ ከረጢት የተነፋውም ውስጡ የታች አየር ስለነበረ፣ ውጪው ስለሳሳበት ነው።

ሰውነት ይህን ጉድለት ማካካስ ይችላል። ትንፋሹን ያፋጥናል፣ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ በቀናት ውስጥ ደሙና ኩላሊቱ ይስተካከላሉ። ቀናት አልኩ፤ ሰዓታት አይደለም። በእግሩና በበቅሎ የሚወጣ ሰው ቀናቱን ሳያስበው ይከፍላል። መኪና ግን ሥጋችንን አድርሶ መላመዱን ከታች ይተወዋል።

«እኛ ኢትዮጵያውያን ለከፍታ የተፈጠርን ነን» የሚለኝ አልጠፋም። ግማሽ እውነት አለው። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ የሲንቲያ ቢልና የባልደረቦቿ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎችን መርምሮ፣ ደማቸው በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ደም ብዙም የማይለይ ሆኖ አግኝቶታል፤ የደቡብ አሜሪካ ደገኞች ደማቸው ይወፍራል፣ የእነዚህ አልወፈረም። የሚያስደንቅ ነው። ግን የተጠኑት እዚያው የሚኖሩት ናቸው እንጂ ሰባት ዓመት የሰው ቤት አየር ማቀዝቀዣ ሥር የከረሙት እኔን መሰሎች አይደሉም። እንዲያውም በፔሩ ደጋ የተወለዱ ልጆችና ወጣቶች ቆላ ወርደው ቆይተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ሳንባቸው ውኃ እየቋጠረ እንደሚታመሙ ሐኪሞች ካወቁት ቆይቷል። ወደ ገዛ ቤታቸው ሲመለሱ! ይህን ሳነብ አንሶላዬን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ስለዚህ እኅቶቼ፣ ምልክቱን ለዩ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ እነዚህ ቀላሉ የከፍታ ሕመም ናቸው፤ ብዙ ጊዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ይጀምራሉ፣ ከደረሳችሁ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚመጡትም። ስትደርሱ ደህና መሆናችሁ ማስረጃ አይሆንም። እነዚህ ሲሰሟችሁ ከዚያ በላይ አትውጡ፤ ካልተሻላችሁ ውረዱ። መንገዳገድ፣ የንግግር መምታታት፣ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ጭንቅላት ወይም ሳንባ ተነክቷል ማለት ነው። ሌሊትም ቢሆን፣ የፓርኩ መግቢያ የተከፈለ ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ውረዱና ሐኪም ቤት ሂዱ። የእንቅልፍ ክኒንና መጠጥ እዚያ ላይ አይነካም፤ ትንፋሽ ያዳክማል። እርጉዝ የሆነች፣ የልብ፣ የሳንባ ወይም የደም ማነስ ችግር ያለባት አስቀድማ ሐኪሟን ትጠይቅ። ቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒትም አለ፤ እሱም በሐኪም ትእዛዝ ነው።

እኔ ተመልሼ ወጣሁ። ወንድሜ «አብደሻል» አለኝ፤ ግን የጀመርኩትን መጨረስ ፈለግሁ፣ ለፍቼ ባመጣሁት ብር ነውና። ሁለት ሌሊት ጎባ አደርኩ። ሦስተኛውን ሌሊት የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለበት ዲንሾ አደርኩ፤ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኒያላው ደጅ ድረስ ይመጣል። በማግስቱ ከሾፌራችን ጋር ወጣን፣ ጫፉ ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ቆየን፣ ለምሳ ጎባ ነበርን። ትንሽ ትንፋሽ ቆረጠኝ እንጂ ራሴን አላመመኝም። ተራራ የሚወጡ ሰዎች ደንብ ይህ ነው፦ ቀን ከፍ በል፣ ሌሊት ዝቅ ብለህ እደር። ከ3,000 ሜትር በላይ የሚያድር ደግሞ የማደሪያውን ከፍታ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ አያሳድግም።

ለምትነዱ ወንድሞች አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህንንም ከእኒያው ሰው ነው የሰማሁት። ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩ ጉልበት አጣ፣ እሱም እንደኛ አየር አጥሮታል። ስንወርድ ግን ፍሬኑን ብዙ አልነኩም። «በወጣሁበት ማርሽ ነው የምወርደው» አሉ። ፍሬን ላይ እግሩን ጭኖ ረጅም ቁልቁለት የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግላል፤ ዘይቱ ከፈላ እንፋሎት ይሆንና ፔዳሉ ባዶውን ይወርዳል። እዚህም ከጣኢፍ በአል ሀዳ መንገድ ቁልቁል የምትነዱ አላችሁ፤ እዚያ ከፍታው ባያሳምም ቁልቁለቱ ያው ቁልቁለት ነው።

በሁለተኛው ቀን ጫፉ ላይ የአንድ ሊትር ውኃ ጠጥቼ ጨረስኩና ክዳኑን አጥብቄ ዘጋሁት። ጎባ ስንደርስ ፕላስቲኩ ጎኑ ገብቶ ነበር። አዲስ አበባ ላይ ትንሽ ይበልጥ ገባ። ይዤው መጣሁ፤ እዚህ ስደርስ አንድ ሰው በእጁ የጨበጠው ይመስል ተጨራምቷል። አሁን ዓርብ ዓርብ በምንሰበሰብበት ክፍል መስኮት ላይ ተቀምጧል። ቆሻሻ መስሏችሁ እንዳትጥሉት፣ ክዳኑንም አትክፈቱብኝ፤ የቱሉ ዲምቱ አየር ነው ያለበት።