አዲስ ገቢን ስለ መቀበልና ግጥምን ስለ ማቅረብ

ባለፈው ጥቅምት በክበባችን ምሽት አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ ግጥሟን ይዛ መጣች። የደሴ ብርድ የታወቀ ነውና ሁላችንም ጋቢያችንን ተከናንበን ተቀምጠን ነበር። ልጅቱ አራተኛውን ስንኝ ሳትጨርስ አንዱ አንጋፋ አባል «ቤት አልመታም» አለ፤ ሌላው ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ የፊደል ግድፈቷን ቈጠረ፤ የቀረነው ሳቅን። ወረቀቷን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲህም አላየናትም። ግጥሙ በእውነቱ ቤት አልመታም ነበር። ነገር ግን ስለ ምን የተጻፈ እንደ ነበር ከመካከላችን የሚያስታውስ አንድ ሰው ጠፋ። ነገሩን ልናጠናው ይገባል ያልነውም ይህን ስንጠያየቅ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የተመለከትነው የቅኔ ቤትን ሥርዐት ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅና የኛው የወሎ ዋድላ በቅኔ ስማቸው የተጠራ ነው። ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ከቅኔ ቤት ሲደርስ በመጀመሪያ የሚጠበቅበት መስማት ነው። ግሱንና አገባቡን፣ መምህሩም የሚዘርፉትን ሲሰማ ይከርማል። መቍጠር ሲጀምር ከ2 ቤቱ ጉባኤ ቃና ይነሣል፤ ቀጥሎ 3 ቤቱ ዘአምላኪየ ይመጣል፤ እያለ እያለ 8 ቤቱ መወድስ ላይ ይደርሳል። ከጀማሪ መወድስ የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ ስሕተቱም በልኩ ይሆናል፤ በ2 ቤት የሳተ ሰው የሚታረመው 2 ቤት ብቻ ነውና። እኛ ግን ገና በመጀመሪያው ማታ ሦስት ገጽ ግጥም ይዞ እንዲመጣ ፈቅደን፣ በሦስቱም ገጽ እንፈርድበታለን።

የቅኔ ተማሪ ቀን ብቻውን ከዱር ወይም ከዐጸድ ሥር ሆኖ ሲቈጥር የዋለውን ማታ ይነግራል። የጀማሪውን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ቀድሞት የገባ ተማሪ ነው። ይህ ሰው ትናንት በዚያው በጉባኤ ቃና ሲደናቀፍ የነበረ ስለ ሆነ ድንጋዩ የት እንዳለ ያውቃል። ሰሙ ከወርቁ አልገጥም ብሎ እንደ ሆነ የሚገጥመውን ቃል ያሳየዋል፤ ቅኔው ግን የልጁ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር በጥብቅ የተከለከለ ነው፤ ይኸውም የሰው ቅኔ ነው። በቤተ ክርስቲያን አንድ ጊዜ የተባለ ቅኔ አይደገምምና የሌላውን አምጥቶ «የኔ ነው» ማለት ትልቅ ነውር ነው። በእኛ ዘንድ ከስልክ የተገለበጠ ግጥም ስንት ጊዜ ተነብቦ ተጨብጭቦለታል! የገዛ ራሷን ጽፋ የመጣችው ተሳቀባት።

ቅኔ ቤት ገነት ነው ማለታችን አይደለም። ቅናቱና መበሻሸቁ የታወቀ ነው፤ ደጁም ለሴት ልጅ ጠባብ ሆኖ ኖሯል። ቢሆንም ዐይነ ሥውሯ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ከአባታቸው ቅኔ ተምረው በጎጃም ብዙ ሊቃውንትን አስተምረዋል።

ወሎ ደግሞ ሌላም ትምህርት ቤት አላት። በጀማ ንጉሥና በዳና መንዙማ ሲባል አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። አዲስ የመጣ ሰው ግጥሙን ባያውቀው እንኳ አዝማቹን አንድ ሁለት ጊዜ ሰምቶ እያጨበጨበ ከሕዝቡ ጋር ያነሣል። ማንም ሳይፈትነው ገባ ማለት ነው። ክበባችን አዝማች የለውም፤ አዲስ ገቢው ወይ ብቻውን ቆሞ ያነብባል ወይ ዝም ብሎ ይሄዳል።

ከባሕር ማዶም አንድ ልማድ አግኝተናል። ጃፓኖች ኩካይ በሚሉት የሃይኩ ገጣሞች ስብሰባ እያንዳንዱ ግጥሙን ስሙን ሳይጽፍበት በቍራጭ ወረቀት ይሰጣል። ወረቀቶቹ ተደባልቀው በሌላ ሰው እጅ ይገለበጣሉ፤ የእጅ ጽሕፈቱ ባለቤቱን እንዳያሳብቅ ነው። ሁሉም የወደደውን ከመረጠ በኋላ ስሙ ይገለጣል። መምህሩም ወረቀቱን ከተማሪው ወረቀት ጋር ይደባልቃል።

ከዚህ ተነሥተን ለክበባችን ያሰብነው ይህ ነው። አዲስ ገቢ ሁለት ማታ ይስማ፤ በነዚያ ማታዎች የሌላውን ግጥም ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ። በሦስተኛው ከ12 ስንኝ ያልበለጠ የራሱን ግጥም በሚነበብ ጽሕፈት ያምጣ፤ ከማንበቡ በፊት ይቅርታ አይደርድር። አንጋፋው ሳያቋርጥ ይስማ፤ ሲናገርም መጀመሪያ ግጥሙ ምን እንዳለው ይናገር፤ ከዚያ አንድ ጉድለት ብቻ ያሳይ። በወር አንድ ማታ ያለ ስም እናንብብ፤ ያን ጊዜ የማን ቤት እንደማይመታ እናያለን።

አንዳንድ አንጋፋዎች «ይህ ሕፃን ማባበል ነው» ብለው ተቃውመዋል። ቅኔ ቤት ግን ማንንም አያባብልም፤ የተወላገደ ቤት እዚያም ይጣላል፤ ተማሪውም በማግስቱ ሌላ ቈጥሮ ይመጣል።

ለልጅቱ በመኝታ ክፍል ጓደኛዋ በኩል ደብዳቤ ልከናል፤ የሳቅነው ሁሉ ስማችንን ፈርመንበታል። ያን ዕለት ሳታነብበው የቀረውን ስንኝ እንድታሰማን ጠይቀናል። እስከ ዛሬ መልስ አልመጣም። ሐሙስ ማታ በተለመደው ሰዓት እንሰበሰባለን።