መሬት ያለው በሬ የለው፣ በሬ ያለው መሬት የለው

በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ ለአንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር ፈቅዶ ነበር። ውድ አንባቢያን፣ እኔ ባደግሁበት በምሥራቅ ጎጃም 10 ሄክታር ያለው ገበሬ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። የአባቴ ይዞታ ሦስት ጥማድ ነው፤ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ገደማ እንደሚሆን ልብ ይሏል።

በክልላችን የመጨረሻው ሰፊ የመሬት ድልድል የተካሄደው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ጎጆ የወጣ ወጣት መሬት የሚያገኘው በአብዛኛው ወይ በውርስ፣ ወይ በስጦታ፣ ወይ በኪራይ፣ አለዚያም በእኩል አርሶ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስላለ፣ ገንዘብ ቢኖረውም መግዛት አይችልም። ለታላቅ ወንድሜ የደረሰው የመጨረሻው ነው፤ የእኩል አራሽ ሆነ።

ክፍል ውስጥ ስለ መሬት እጥረት ስንወያይ ገበሬውን "መሬት ያለው" እና "መሬት የሌለው" ብለን ለሁለት ከፍለን እንጨርሳለን። ነገሩ ግን እንዲያ ቀላል አይደለም። ባለቤታቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን አምስት ጥማድ አላቸው፤ በሬም የሚያርስላቸው ልጅም የላቸውም። ወንድሜ ጥንድ በሬ አለው፣ መሬት የለውም። ተስማሙ። ዘርና ማዳበሪያ በጋራ፣ በሬና ጉልበት ከእሱ፣ ምርቱ እኩል። እንግዲህ አምስት ጥማድ አረሰ ይባል እንጂ ጎተራው የሚገባው የሁለት ተኩሉ ጤፍ ነው፤ የማዳበሪያው ዕዳ ሲነሳ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

አንድ ቀን ማሳው ጫፍ ላይ የፈረሰ እርከን አየሁና "ምነው አትጠግነውም?" አልኩት።

"ለማን ብዬ?" አለኝ።

ሰነፍ እንዳይመስላችሁ፤ የአባታችንን ማሳ እርከን በየዓመቱ የሚጠግነው እሱ ነው። ፍጉንም የሚበትነው እዚያው ነው። የሴትዮዋ መሬት ግን ለከርሞ በእጁ ይቆይ አይቆይ አያውቅም።

ቀድሞ እሳቸውም ይሰጉ ነበር፤ መሬቱን ሌላ የሚያርሰው ሰው ይነጠቃል ይባል ነበርና። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በስማቸው ከወጣ በኋላ ስጋቱ ቀለለላቸው። በእኔ አስተያየት ደብተሩ ዋስትና የሰጠው ለባለይዞታው እንጂ ለአራሹ አይደለም። የኪራይ ውል ተጽፎ እንዲመዘገብማ ገና በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 ያዝ ነበር፤ እሱም በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል።

ታዲያ ለምን አትጽፉትም ብዬ ወንድሜን ሞገትኩት።

"ፊርማ ብጠይቃቸው አላመንከኝም ብለው ለሌላ ይሰጡብኛል" አለኝ።

ዘንድሮም በቃል ተስማምተው ነው የዘሩት።