ባለ ቁልፍ ስልክ ወይስ ስማርት ስልክ? አረጋውያን ከመወሰናቸው በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ሳይንሳዊ ነጥቦች

እንደሚታወቀው የሞባይል ስልክ አገልግሎት በአገራችን የተጀመረው በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነበር። ከዚያን ጊዜ ወዲህ አገልግሎቱ ከዋና ከተማው አልፎ ወደ ክልል ከተሞችና ወደ ገጠር ዘልቋል። ስልኩም ቢሆን ባለበት አልቆመም፤ ቁጥር ከሚጫኑበት ባለ ቁልፍ ስልክ ተነሥቶ በመስታወቱ ላይ ጣት እያስኬዱ ወደሚያዙት ስማርት ስልክ ተሸጋግሯል። ወጣቶች ይህን ሽግግር ያለ ብዙ ማመንታት ፈጽመውታል። ብዙ አረጋውያን ግን ዛሬም በጥያቄ ላይ ናቸው፦ የያዝነውን እንተወው ወይስ እንቆይበት?

ጥያቄውን ቀረብ አድርገን ለማየት ወደ ደልጊ እንሂድ። ደልጊ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ የምትገኝ የጣቁሳ ወረዳ ከተማ ስትሆን፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የሚጓዘው ጀልባ ሲያርፍባት የኖረች ወደብ ናት። በዚህች ከተማ ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት ያለፈ አንዲት እናት ይኖራሉ እንበል። ልጃቸው ከውጭ አገር ደውላ «እማዬ፣ ስማርት ስልክ ልላክልሽ፤ የልጅ ልጆችሽን እያየሽ ታወሪያለሽ» ትላቸዋለች። እሳቸውም «ይኼው መች አስቸገረኝ፣ ልጄ?» ብለው ይመልሳሉ። ለመሆኑ ትክክለኛዋ ማን ናት? እናት ወይስ ልጅ? በዚህ ጽሑፍ ነገሩን በፊዚክስና በሥነ ሕይወት ዓይን እንመለከተዋለን። እንዲህ ያለው ምክር ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው በቤት ውስጥ ካለው ተማሪ ስለሆነ፣ ጉዳዩ አንባቢዎቻችንን በቀጥታ ይመለከታል።

፩. ባትሪው ስንት ቀን ይቆያል?

እ.ኤ.አ. በ2003 ለገበያ የቀረበውን ኖኪያ 1100 እንውሰድ። ይህ ስልክ በዓለም ከ250 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ ሲሆን፣ አናቱ ላይ ያለው የእጅ ባትሪ በአገራችንም በሚገባ የሚታወስ ነው። ባትሪው 850 ሚሊአምፔር-ሰዓት ይይዛል፤ ሳይደወልበት ቢቀመጥ እስከ 400 ሰዓት እንደሚቆይ አምራቹ ገልጾ ነበር። 850ን ለ400 ስናካፍል አማካይ ፍጆታው 2.1 ሚሊአምፔር ገደማ ሆኖ እናገኘዋለን።

አሁን ደግሞ 5,000 ሚሊአምፔር-ሰዓት የሚይዝ ስማርት ስልክ በመጠነኛ አጠቃቀም ሁለት ቀን ማለትም 48 ሰዓት ቆየ እንበል። አማካይ ፍጆታው 104 ሚሊአምፔር ያህል ይሆናል። አንደኛው ስልክ ዝም ብሎ የተቀመጠ፣ ሁለተኛው በሥራ ላይ ያለ በመሆኑ ንጽጽሩ ፍጹም እኩል አይደለም። ሆኖም ባትሪው ስድስት እጥፍ ያህል የሚበልጠው ስልክ ቀድሞ የሚያልቀው ለምን እንደሆነ በግልጽ ያሳየናል። ሰፊው ብርሃናማ መስታወት፣ ፈጣኑ አንጎለ ኮምፒውተርና ሳያቋርጥ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኘው ሬዲዮ ሁሉም ከዚያው ባትሪ ይመገባሉ።

ይህ ለደልጊዋ እናት ምን ትርጉም አለው? መብራት ለሦስት ቀን ቢጠፋ ባለ ቁልፉ ስልክ ሳይጠፋ ሊቆይ ይችላል። ስማርት ስልኩ ግን በሁለተኛው ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። ድንገተኛ ሕመም ደግሞ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። የፀሐይ መብራት ባለበት ቤትም ስሌቱ ያው ነው። የሁለቱም ባትሪዎች ቮልቴጅ 3.7 ያህል ነው ብንል፣ የመጀመሪያው 3.1 ዋት-ሰዓት፣ ሁለተኛው 18.5 ዋት-ሰዓት ይይዛሉ። 5 ዋት በሚሰጥ ሰሌዳ አንደኛው በ40 ደቂቃ ገደማ፣ ሌላው ወደ አራት ሰዓት በሚጠጋ ጊዜ ይሞላል ማለት ነው። ይህም ፀሐይ በሙሉ ኃይሏ ስትወጣና የሚባክን ኃይል የለም ተብሎ ሲታሰብ እንጂ፣ በክረምት ደመና ሥር ጊዜው በብዙ ይረዝማል።

፪. ዓይን፣ ጆሮና ጣት

ስልክ ከሰው አካል ጋር የሚገናኘው በሦስት በር ነው።

የመጀመሪያው ዓይን ነው። የዓይናችን ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ስለሆነ ቅርብ ያለውን ነገር ለማየት ቅርጹን በቀላሉ ይለውጣል። ይህ የማስተካከል ኃይል በ10 ዓመት ዕድሜ ወደ 14 ዳዮፕተር የሚጠጋ ሲሆን፣ ሌንሱ ከዕድሜ ጋር እየጠነከረ ስለሚሄድ በ60 ዓመት ገደማ ወደ 1 ዳዮፕተር ይወርዳል። አንድን ለዳዮፕተሩ ስናካፍል በጥራት የሚታየውን የመጨረሻ ቅርብ ርቀት በሜትር እናገኛለን። ስለዚህ ሩቅ አጥርቶ የሚያይ ልጅ 7 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለውን ሲያነብ፣ አያቱ አንድ ሜትር ያህል ማራቅ ይኖርባቸዋል፤ እጃቸው ግን ያን ያህል አይረዝምም። 2 ዳዮፕተር ያለው የንባብ መነጽር ቢደረግላቸው ድምሩ 3 ስለሚሆን 33 ሴንቲ ሜትር ላይ ማንበብ ይችላሉ። በዚህ ረገድ ፊደልን የሚያጎላው ስማርት ስልክ ከትንሿ መስታወት ይሻላል። ይሁንና አንዳንድ ጊዜ የሚያስፈልገው አዲስ ስልክ ሳይሆን መነጽር መሆኑን አንዘንጋ።

ሁለተኛው ጆሮ ነው። በእርጅና ምክንያት የመስማት ኃይል ሲደክም በቅድሚያ የሚጎዳው ቀጭኑ፣ ማለትም ከፍተኛ ድግግሞሽ ያለው ድምፅ ነው። የተለመደው የስልክ መስመር የሚያስተላልፈው ከ300 እስከ 3,400 ሄርትዝ ያለውን ብቻ ነው። እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉ ተነባቢዎች የሚለዩበት ኃይል ግን በአብዛኛው ከዚያ በላይ ይገኛል። አረጋውያን በስልክ «ምን አልክ?» እያሉ መድገማቸው ከዚህም የተነሣ ነው። በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚደረገው ሰፊ ድምፅ ግን ከ50 እስከ 7,000 ሄርትዝ ይደርሳል። ይህ ጥቅም የሚገኘው የሁለቱም ወገን ስልክና ኔትወርኩ ሲፈቅዱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ጣት ነው። የስማርት ስልክ መስታወት ሥር ዓይን የማያያቸው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ መስመሮች ተዘርግተዋል። ጣት ሲጠጋ ካፓሲተር ይፈጠራል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት እንደተማርነው የካፓሲተር መጠን ከስፋት ጋር ይጨምራል፣ ከርቀት ጋር ይቀንሳል። ዕድሜ ልኩን ማረሻ የጨበጠ ወይም ታንኳ የቀዘፈ እጅ ቆዳው ደረቅና ወፍራም ስለሚሆን፣ ለመስታወቱ ጣቱ «የራቀ» ያህል ነው። ብዙ ጊዜ «አያቴ መንካት አልቻሉም» የምንለው ችግር የዕውቀት ማነስ ሳይሆን የፊዚክስ ጉዳይ ነው። እርጥብ እጅም መስታወቱን ያሳስተዋል። በአንጻሩ ቁልፍ ሲጫኑት ይሰማል፤ በ5 ቁጥር ላይ ያለችው ትንሽ ጉብታም በጨለማ ሳይቀር ጣትን ትመራለች።

፫. መልእክቱ በምን ይጓዛል?

ባለ ቁልፍ ስልክ የሚሠራው ጥሪ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ቴሌብር *127# በመደወል ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እንዲህ ያለው አገልግሎት የሚጓዘው ኔትወርኩ ከስልኩ ጋር በሚነጋገርበት የምልክት መስመር ስለሆነ፣ ደካማ ኔትወርክ ባለበት ቦታም ብዙ ጊዜ ያልፋል።

አጭር የጽሑፍ መልእክትም እንዲሁ ነው፤ ነገር ግን አማርኛ እዚህ ላይ ችግር ይገጥመዋል። አንድ መልእክት የሚይዘው 1,120 ቢት ነው። አንድ የላቲን ፊደል 7 ቢት ስለሚወስድ 160 ፊደል ይገባል። የእኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ በመልእክት ሲላክ ለእያንዳንዱ ፊደል 16 ቢት ይወስዳል። ስለዚህ የሚገባው 70 ፊደል ብቻ ነው። በብዙ አሮጌ ስልኮች ላይ ደግሞ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል። ላቲን ለማያነቡ እናት ይህ ትልቅ ጉድለት ነው። ስማርት ስልክ ይህን ከመፍታቱም በላይ የድምፅ መልእክትን ስለሚቀበል፣ ማንበብ ለማይችሉም በር ይከፍታል።

በሌላ በኩል የስማርት ስልክ ዋና ጥቅም በኢንተርኔት ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለበርካታ ወራት ቆይቷል። በዚያ ወቅት ምስል እያዩ ማውራት የለመዱ ቤተሰቦች፣ መስመሩ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ፣ ወደ ተራው ጥሪ ተመልሰዋል። እርግጥ ስማርት ስልክም ተራ ጥሪ ያደርጋል፤ ኢንተርኔት ሲጠፋ ግን ከባለ ቁልፉ የሚለየው ባትሪው ቶሎ በማለቁ ነው ማለት ይቻላል።

በውጭው ዓለም ደግሞ ተቃራኒው ሆኗል። በአሜሪካ ኤቲ ኤንድ ቲ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ሦስተኛውን ትውልድ ኔትወርክ ስለዘጋ፣ በአራተኛው መደወል የማይችሉ ስልኮች በዚያ መስመር ከጥቅም ውጭ ሆነዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ስልክ ሳይበላሽም ሊያረጅ እንደሚችል ነው።

፬. እንግዲህ ምን ይወሰን?

ከላይ ያየናቸው ነጥቦች ሲጠቃለሉ «የቱ ስልክ ይበልጣል?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ መሆኑን ያሳያሉ። ትክክለኛው ጥያቄ «ለየትኛው ሥራ?» የሚል ነው። ለድንገተኛ ጥሪ፣ ለረጅም ቆይታ፣ በጨለማ ለመደወል ባለ ቁልፉ ይበልጣል። የልጅ ልጅን ፊት ለማየት፣ የአማርኛ መልእክት ለመቀበል፣ ጉልህ ፊደል ለማንበብ ስማርት ስልኩ ይበልጣል። ስለሆነም አቅም ካለ የእኛ ምክር መለወጥ ሳይሆን መደረብ ነው። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ቁጥር በባለ ቁልፉ ስልክ ላይ ይቆይ፤ ስማርት ስልኩ በሌላ ሲም ካርድ ይጨመር። ሁለት መያዝ ለማይሹ ደግሞ በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ የሚሠራ ባለ ቁልፍ ስልክ መካከለኛ ምርጫ ነው።

ከመግዛት ወይም ከመላክ በፊት አራት ነገሮች ይፈተሹ። አንደኛ፣ ስልኩ በአንድ ኩባንያ መስመር ብቻ እንዲሠራ የተቆለፈ አለመሆኑ። ሁለተኛ፣ ያገለገለ ከሆነ ባትሪው ምን ያህል እንደሚቆይ። ሦስተኛ፣ ባለቤቷ በገዛ ጣታቸው፣ በገዛ መነጽራቸው ደውለው መሞከራቸው። አራተኛ፣ በቤታቸው ውስጥ ኢንተርኔቱ በእርግጥ መድረሱ። ከዚያም በኋላ የሚስጥር ቁጥርንና በመልእክት የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥርን ለማንም አለመንገር በሁለቱም ዓይነት ስልክ ላይ የማይሻር ሕግ መሆኑን ማስረዳት ይገባል።

ውድ አንባቢያን፣ በሚቀጥለው የዕረፍት ጊዜ ወደ ቤተሰቦቻችሁ ስትመለሱ ይህን ሞክሩት፦ የአያታችሁ ስልክ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ በኋላ ስንት ቀን እንደሚቆይ መዝግቡ፤ ስንት ሴንቲ ሜትር አርቀው እንደሚያነቡ በማስመሪያ ለኩ፤ በሳምንት ውስጥ ለማን ለማን እንደሚደውሉም ጠይቋቸው። ምናልባት መልሱ «ይኼው ይበቃኛል» ይሆናል፤ ያ ሲሆን ውሳኔያቸው ከኋላ ቀርነት ሳይቆጠር ይከበር። ምናልባትም «የልጄን ልጅ አንድ ጊዜ ባየኋት» ይሉ ይሆናል። ያን ጊዜ ስልኩን ሰጥቶ መሄድ ሳይሆን፣ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ በትዕግሥት ማስተማር የተማሪው ፈንታ ነው።