ድመትና ነፍሰ ጡር እናት

በቢስቲማና በአካባቢው ለምትገኙ እናቶችና ቤተ ሰቦች፤

ድመት የሌለበት ጎተራ የአይጥ ቤት ነው። ስለዚህ ድመታችሁን አባርሩ ብለን አንመክርም። አንዳንድ ሰው ፀጉሯን ይፈራል፤ እኛ ግን እንድትጠነቀቁ የምንፈልገው ከዐይነ ምድሯ ነው።

ቶክሶፕላዝማ የሚባል በዐይን የማይታይ ተሐዋስ አለ። ድመት አይጥ ወይም ጥሬ ሥጋ ስትበላ ይይዛታል። በአንጀቷ ውስጥ ይራባና ዘሩ በብዙ ሚሊዮን እየሆነ ከዐይነ ምድሯ ጋራ ይወጣል። በግ፣ ፍየል፣ ዶሮና ሰውም ይያዛሉ፤ ይህን ዘር በዐይነ ምድር የሚያወጣው ግን የድመት ወገን ብቻ ነው። ድመቷ የምታወጣው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ በተያዘች ጊዜ ለሁለት ሳምንት ያህል ነው። ብዙ ጊዜ ስለማትታመምም፣ መልኳን አይቶ ማወቅ አይቻልም።

ነገሩ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2013 ዓ.ም. በታተመ ጥናት፣ በአዲስ አበባ ከተማ ባለቤት የሌላቸው 36 ድመቶች ተመርምረው፣ በ33ቱ ደም የዚህ ተሐዋስ ምልክት ተገኝቷል። በ7ቱ ዐይነ ምድር ውስጥም ዘሩ ታይቷል። ተሐዋሱ በዘር ሲለይ ዐይነቱ ብዙ ሆኖ ተገኘ። ይህ ለሊቃውንቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ለእናት ግን መከላከያው ለሁሉም ያው ነው።

ጤነኛ ሰው ቢይዘው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ያልፋል። የሚያሠጋው በእርግዝናዋ ወራት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘች እናት ናት፤ ተሐዋሱ ወደ ፅንሱ ተሻግሮ ሊያስወርዳት፣ ወይም የልጁን ዐይንና አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

ድመት መጸዳጃ የምታደርገው ልስልስ ያለውን ቦታ ነው፤ የጓሮ አፈር፣ የአመድ ክምር። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ድስቱንና ሰሐኑን የምታሹበትን አመድ ከየት ነው የምታፍሱት? ድመት ከምትጭረው ከውጭው ክምር ከሆነ፣ አጸዳን ስትሉ ዘሩን ዕቃው ላይ ታሹታላችሁ። አመዱን ከምድጃው ውስጥ፣ እሳት ከበላው ትኵሱ ውሰዱና ሲበርድ ክዳን ባለው ዕቃ አኑሩት።

ዘሩ እንደ ወጣ ወዲያው አይጎዳም፤ ኃይል ለማግኘት ቢያንስ አንድ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ዐይነ ምድሩ በየቀኑ በአካፋ ተነሥቶ ሽንት ቤት ይጣል። ይህን ባል ወይም ሌላ አዋቂ ይሥራው እንጂ ነፍሰ ጡሯ አትንካው። (የሴት ሥራ ነው የሚል ባል ካለ፣ ይህን ጽሑፍ ያንብቡለት።) ሳይነሣ ከቀረ ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቈይ ይችላል። በረኪናም አይገድለውም፤ የፈላ ውሃ ግን ይገድለዋል።

አፈር የሚያምራት ነፍሰ ጡር ብዙ ናት፤ ያ አፈር ድመት የረገጠው ሊሆን ይችላልና አትቅመሱት፣ አምሮታችሁንም ለጤና ባለሙያዋ ንገሯት። ጓሮ ኰትኵታችሁ ስትመለሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ጎመኑንና ቃሪያውን ደጋግማችሁ እጠቡ።

በበዓልና በሠርግ ቀን ጥሬ ሥጋና ለብ ለብ ክትፎ ለነፍሰ ጡር ይቅርባት፤ በደንብ የበሰለውን ትብላ። ለድመቷም ከዕርዱ የተረፈውን ጥሬ አትወርውሩላት፣ ቀቅላችሁ ስጧት። በግ ወይም ፍየል ከጨነገፈችም የወደቀውን ግልገል ነፍሰ ጡር በእጇ አታንሣው፤ ሌላ ሰው እጁን በላስቲክ ሸፍኖ አንሥቶ፣ ውሻና ድመት በማያወጡት ጥልቅ ጕድጓድ ይቅበረው።