ሐብሐብ በጾም ማዕድ፦ ጥቅሙ፣ ደስታውና ጥንቃቄው

ለሰበካ መንፈሳዊ ጉባኤያትና ለካህናት የተዘጋጀ ትምህርት

በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እስራኤላውያን በምድረ በዳ ሳሉ በግብፅ ይመገቡት የነበረውን እያሰቡ እንዳለቀሱ እናነባለን። ከናፈቋቸው ምግቦች አንዱ በጢኽ ሲሆን፣ ይህም ዛሬ ሐብሐብ ከምንለው ፍሬ ወገን ነው። በዚያ ታሪክ የተወቀሰው የሕዝቡ ማጉረምረም እንጂ ፍሬው አይደለም። በሐሩር የደከመ ሰው ውኃ የተመላ ፍሬ ቢያምረው አያስደንቅም።

ሐብሐብ ለአካባቢያችን እንግዳ አይደለም። በግብፁ ንጉሥ በቱታንክሃሙን መቃብር ውስጥ ዘሩ ተገኝቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የታተመ የዘር ጥናትም ለዛሬው ሐብሐብ እጅግ የሚቀርበው ዘመዱ በጎረቤታችን በሱዳን፣ በኮርዶፋን የሚበቅለው እንደ ሆነ አመልክቷል።

ለጿሚ የሚሰጠው ጥቅም

የዐቢይ ጾም 55 ቀናት የሚውሉት በበጋው ወራት ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓትና ከዚያም በላይ ያለ ውኃ የሚቆይ ሰው፣ ይልቁንም በቆላ የሚኖር፣ ሰውነቱ ውኃ ይጐድለዋል። ከሐብሐብ ክብደት ከመቶ 91 ያህሉ ውኃ ነው። አንድ 200 ግራም ቁራጭ 180 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃና 16 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ይሰጣል፤ ይህም ለአንድ ዐዋቂ በቀን ከሚመከረው 45 ሚሊ ግራም ሲሶውን ይሸፍናል። ቫይታሚን ሲ በምስር፣ በሽሮና በጤፍ ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በሚገባ እንዲወስድ ይረዳል። ስለዚህ ሐብሐቡ ከወጡ ጋር በአንድ ማዕድ ቢቀርብ ይበጃል። ቀይ መልኩን የሚሰጠው ላይኮፒን የተባለው ንጥረ ነገርም በሐብሐብ ውስጥ ከጥሬ ቲማቲም ይልቅ ይበዛል።

ይሁን እንጂ ሐብሐብ መድኃኒት አይደለም፤ ብቻውንም ምግብ አይሆንም። ያው 200 ግራም ቁራጭ 60 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይልና ከአንድ ግራም ብዙም የማይበልጥ ፕሮቲን ብቻ አለው። ጥራጥሬን ይረዳል እንጂ አይተካም።

ማንን እናስብ?

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ቁራሽ ለምኖ የሚማረው የአብነት ተማሪ ግን ከሚያገኘው እንጀራ ጋር ፍሬ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። 8 ኪሎ ግራም ከሚመዝን አንድ ሐብሐብ የሚበላው ግማሹ ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ለ20 ተማሪዎች ለእያንዳንዳቸው 200 ግራም ይደርሳል። ሐብሐብ አንዴ ከተቆረጠ ማቆየት የማይመች፣ ተካፍለው ሲበሉት የሚያስደስት ፍሬ ነው። ሰበካ ጉባኤው በሳምንት አንድ ቀን ይህን ቢያደርግ ወጪው ጥቂት፣ ደስታው ብዙ ነው።

በጎው ሥራ ጉዳት እንዳያስከትል

ሐብሐብ መሬት ላይ ተኝቶ ስለሚያድግ ልጣጩ አፈርና ተሕዋስያን ይይዛል። ሳይታጠብ ከተቆረጠ ቢላዋው እነዚህን ወደ ውስጥ ያስገባቸዋል። ውስጡ ጣፋጭና ኮምጣጣነት የሌለው በመሆኑ በሙቀት ፈጥነው ይራባሉ። ብዙ ምእመናን በሚሰበሰቡበት ክብረ በዓል ወይም የጸበል ቦታ አንድ ንጹሕ ያልሆነ ቢላዋ ብዙዎችን ሊያሳምም ይችላል። ስለዚህ፦

1. አዘጋጁ እጁን በሳሙናና በንጹሕ ውኃ ይታጠብ።
2. ሐብሐቡ ከመቆረጡ በፊት ልጣጩ በንጹሕ ውኃ እየታሸ ይታጠብ። የተሰነጠቀ ወይም የበሰበሰ አይወሰድ።
3. ቢላዋውና መክተፊያው የታጠቡ ይሁኑ።
4. የሚቆረጠው ሊበላ ሲል ነው፤ ዝንብ እንዳያርፍበትም ይሸፈን።
5. ከተቆረጠ በኋላ ያለ ማቀዝቀዣ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ፣ በጠንካራ ሙቀት ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ ይወገድ።
6. ተቆርጦ በፀሐይ የዋለ ሐብሐብ ከመንገድ ዳር አይገዛ።

የስኳር ሕመም ያለባቸው ጥቂት ቢወስዱ፣ ጭማቂውንም ባይጠጡ ይመረጣል። የኩላሊት ሕመምተኞች ፖታሲየም ስላለበት ሐኪማቸውን ይጠይቁ። ለሕፃናት ፍሬው ይለቀምላቸው፤ ሊያንቃቸው ይችላልና።

መሬትና መስኖ ላላቸው የቆላ ሰበካዎች

ሐብሐብ ሙቀትን፣ ውኃ የማይቋጥር አሸዋማ አፈርን ይወዳል። አብዛኞቹ ዝርያዎች ከተዘሩ ከ80 እስከ 90 ቀናት ባለው ጊዜ ይደርሳሉ፤ በኅዳር መጨረሻ ወይም በታኅሣሥ የተዘራ ለዐቢይ ጾም ሊደርስ ይችላል። ወንዴውና ሴቴው አበባ የተለያዩ ስለ ሆኑ ፍሬ የሚይዘው ንቦች ሲመላለሱ ነው። ስለዚህ አበባው በሚከፈትበት በጠዋት ፀረ ተባይ አይረጭ፤ በመድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀንም ሳያልፍ ፍሬው አይልቀም። መብሰሉ የሚታወቀው መሬት የነካው ጎኑ ወደ ቢጫ ሲለወጥና በፍሬው አጠገብ ያለው የሐረጉ ጥምዝ ክር ሲደርቅ ነው።

ለመወያየት

- በሰበካችን የሚገኙ የአብነት ተማሪዎች ስንት ናቸው? ፍሬ የሚያገኙትስ መቼ ነው?
- በክብረ በዓላት ምግብ የሚያዘጋጁ ወገኖቻችን የእጅ መታጠቢያ፣ ሳሙናና ንጹሕ ውኃ አላቸው?
- ለዚህ አገልግሎት ኃላፊነት የሚወስደው ማን ነው?

እስራኤላውያን ፍሬውን እያሰቡ አጉረመረሙ። እኛ ግን አግኝተነዋልና እያመሰገንን እንብላው፣ ንጽሕናውን ጠብቀንም ለሌላው እናካፍለው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።