የሚጥል በሽታና የአንጎል ጉዳት ያለባቸው ልጆች ምን ይብሉ?

በአሶሳና በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች የብዙ ቤት ምሳ የማሽላ ወይም የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ከጎኑ የባሚያ ወጥ። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ የምታሳድግ እናት ግን ሰሞኑን ይህን ገንፎ በጥርጣሬ ማየት ጀምራለች። በስልክ የሚዞሩ ቪዲዮዎች «ገንፎና እንጀራ አቁሙለት፣ ስብ ብቻ አብሉት፣ ይድናል» ይሏታልና።

ጥያቄ፦ የሚጥል በሽታ በምግብ ብቻ ይድናል?

መልስ፦ ቪዲዮዎቹ ከባዶ አልተነሱም። ጾም የሚጥለውን ሕመም እንደሚያስታግስ ከታየ በኋላ፣ በ1921 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ዶክተር ራስል ዋይልደር ኬቶጀኒክ የተባለውን የአመጋገብ ሐሳብ አቀረቡ። ለ1 ግራም ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት እስከ 4 ግራም ስብ ይሰጣል፤ ሰውነት ከስኳር ይልቅ ከስብ የሚገኘውን ኬቶን ያነድዳል። መድኃኒት አልሠራ ካላቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ላይ የመጣሉ ብዛት በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወደ አሶሳ ጓዳ ሲመጣ ግን ሒሳቡ ይከብዳል። 100 ግራም የማሽላ ዱቄት 70 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት አለው። የተሻሻለው አትኪንስ የሚባለውና ላላ ያለው ዓይነት እንኳ መጀመሪያ ላይ የሚፈቅደው በቀን ከ10 እስከ 20 ግራም ነው። ጥቂት ጉርሻ ገንፎ የቀኑን ድርሻ ይጨርሰዋል፤ አካባቢው የሚታወቅበት ማንጎም አንዱ ብቻ ያልፈዋል። ያለ ደም ምርመራና ያለ ሥነ ምግብ ባለሙያ የተጀመረ እንደሆነ ልጁ ይከሳል፣ እድገቱ ይጓተታል፣ ኩላሊቱም ጠጠር ሊይዝ ይችላል። ሰውነቱ ስብ ማቃጠል የማይችል፣ እንዲህ ያለ የተፈጥሮ ሕመም ያለበት ልጅ ደግሞ ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በቤት አይጀመር። ተስማሚ የሆኑ ሁለት መድኃኒቶች በትክክል ተወስደው ካልሠሩ፣ ያኔ ከሐኪሙ ጋር ስለ ሪፈራል መነጋገር ይገባል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ምን ይብላ?

መልስ፦ ቤተሰቡ የሚበላውን፣ በሰዓቱ። እንቁላልና ወተት ሲገኝ ይጨመርለት፤ ፌኖባርቢታል የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የቫይታሚን ዲ መጠንን ሊቀንስ ስለሚችል የጠዋት ፀሐይም አይቅርበት። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ፈጽሞ አይገባም፤ ማባሪያ የሌለው መንዘፍዘፍ ሊያስከትል ይችላልና። በረመዳን እንደ ትልልቆቹ ልጹም የሚል ልጅ ካለ አስቀድሞ ሐኪም ይጠየቅ። የተዘለለ ኪኒንና በሱሁር የተቋረጠ እንቅልፍ፣ ሁለቱም ሕመሙን ይቀሰቅሳሉ።

ጥያቄ፦ ሴሬብራል ፓልሲ (በአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር) ያለባት ልጅ ስትበላ ትን ይላታል፣ ከስታለች። ምን ይደረግ?

መልስ፦ ከምግቡ ዓይነት በፊት አበላሉ ይታይ። በወሊድ ጊዜ በታፈነች ወይም ወባ ወደ አንጎሏ በወጣባት ልጅ ላይ የመዋጥ ጡንቻዎች በደንብ ላይታዘዙ ይችላሉ። ብዙ እናቶች ልጅን አንጋለው አጥሚት በእጅ ያጋታሉ። ለእንዲህ ያለች ልጅ ማጋት አደገኛ ነው፤ ቀጭኑ ፈሳሽ ወደ ሳንባ ይወርዳል፣ የሳንባ ምች ይመላለስባታል።

ልጅቷ ቀና ብላ ትቀመጥ፣ ጀርባዋ ይደገፍ፣ አገጯ በጥቂቱ ወደ ደረቷ ዘንበል ይበል። ገንፎው ጓጓላ የሌለው፣ ከማንኪያ ላይ ቶሎ የማይፈስ ይሁን። በትንሽ ማንኪያ ይሰጥና እስክትውጥ ይጠበቅ፤ ያልዋጠችው ላይ ሌላ አይጨመር። በልታ እንደጨረሰችም ወዲያው አትተኛ። ጥቂት መብላት ለሚሆንላት ልጅ እያንዳንዱ ማንኪያ ጉልበት ያለው ይሁን፤ በደንብ የላመ ኦቾሎኒ ወይም ሰሊጥ፣ ዘይት፣ የተቀቀለና የተፈጨ እንቁላል ገንፎው ላይ ይጨመር። ያልተፈጨ ኦቾሎኒ ግን ፈጽሞ አይሰጥ። ማዕዱ ዘወትር ከ30 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ከሆነ፣ ወይም ስትበላ ድምፅዋ ጉሮሮዋ ውስጥ ፈሳሽ እንዳለ ሆኖ ከተሰማ፣ ሐኪም ይያት። ክብደቷ በየወሩ ይለካ።

ጥያቄ፦ የሚቀጥለውን ልጅ ከአንጎል ጉዳት ለመጠበቅ በምግብ በኩል ምን ይቻላል?

መልስ፦ ሁሉንም መከላከል ባይቻልም፣ የአዮዲን እጥረት የሚያመጣውን በጨው መከላከል ይቻላል። በ2007 እ.ኤ.አ. በታተመ አገር አቀፍ ጥናት ከ30 በመቶ በላይ ሴቶች የዚህ እጥረት ምልክት የሆነው እንቅርት ከታየባቸው አራት ክልሎች አንዱ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነበር። በእርግዝና ወቅት እጥረቱ ከበረታ የሕፃኑ አንጎል ይጎዳል፤ በኋላ የሚበላ ጨው ያንን ጉዳት አይመልሰውም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2011 እ.ኤ.አ. ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ አውጥቷል። ቢሆንም አዮዲን በፀሐይ፣ በእርጥበትና በእሳት ይቀንሳል።

ነፍሰ ጡር ያለችበት ቤት አዮዲን ያለበት መሆኑ የተጻፈበትን ጨው ይግዛ፣ በተከደነ ዕቃ ያስቀምጥ፣ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨምር።